አባባ ለራሳቸው የሕሊና ጸሎት የቆሙ ዕለት

ለምወድህና ዘወትር ለማስብህ ወንድሜ ጋሬት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ጨው የሰነጣጠቀው እጅህ ዳነልህ ወይ? ካፒቴናችሁ አሁንም ዓይንህን ከደን ስታደርግ ጠብቆ ነው የሚጠራህ? ባለፈው የላክሁልህ የሱፍ ካልሲ ደረሰህ? እንደ አምናው ምድጃ ላይ ሰቅለህ አሳርረኸው እንዳይሆን። ዓሣውስ እንዴት ነው? ባሕሩስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማማ ብርዱ ሲጠና ጉልበታቸውን ይዟቸው ያዝ ለቀቅ ያደርጋቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። አክስታችን አርዲስ ደህና ናቸው፤ ብቻ ሰሞኑን ከቤት አይወጡም፤ ምክንያቱን ታች ታገኘዋለህ። አባባ ደህና ናቸው። ልድገመው፤ አባባ ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፤ የበረዶ አካፋቸውን ይዘው ከጎረቤት ጋር ያወራሉ።

የደጋገምኩት ያለ ነገር አይደለም። ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ከቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር አንድ ካርድ ይደርስህ ይሆናል። ነጭ አበባ የተሳለበት ነው፤ ሃያ ሦስት ሴቶች ፈርመውበታል። «በውድ አባትህ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። እንዳታምነው። እኔ ፖስታ ቤት እየሮጥኩ ስደርስ መኪናው ከአሥር ደቂቃ በፊት ወጥቷል አሉኝ። ስልክህ ደግሞ ባሕር ላይ ስትሆን ዝም ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ከተቻለህ ተቀምጠህ አንብበው።

አባባ በኖቬምበር መጀመሪያ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለትምህርት ቤቱ አስረከቡ። አርባ አንድ ዓመት ነድተው ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ ኬክ አስጋግሮ ሊሸኛቸው ቢል «ልጆቹ ትምህርት አላቸው፤ በእኔ የተነሣ ሒሳብ አያምልጣቸው» ብለው በእግራቸው ወደ ቤት መጡ። ከዚያ ወዲህ የሆኑትን ብታይ አንጀትህን ይበሉት ነበር። ማለዳ እንደ ድሮው ለባብሰው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ አውቶቡሱ በአዲሱ ሾፌር ሲያልፍ ሰዓታቸውን አይተው «ሦስት ደቂቃ ዘገየ» ይላሉ፤ የቀኑ ወሬያቸው ያው ነው። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። አንድ ቀን እማማን «ለመሆኑ ከእነዚያ ሁሉ ልጆች አንዱ እንኳ ስሜን ያስታውሰው ይሆን?» ብለው ጠየቋቸው። እማማ ይህን ሲነግሩኝ የሚያጥቡትን ሰሐን ትተው ዞሩ።

አክስቴ አርዲስ ይህን ሲሰሙ ዝም የሚሉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለህ። «ወንድሜን ምክር ቤት ነው የማስመሰግነው!» ብለው ተነሡ። የወረዳችን ተመራጭ ቴሳ ብሮስትሮም ናት። ልጅ ሆና በአባባ አውቶቡስ ትሄድ ነበር፤ አሁን የምትኖረው በወረዳው ሌላ ጫፍ፣ ሁለት ሰዓት ርቃ ነው። አባባ ስሟን በሰሙ ቁጥር «ሁለተኛው ረድፍ፣ በስተቀኝ። ኩርባ ላይ ታስታውክ ነበር» ይላሉ። እንግዲህ አክስቴ ከቢሮዋ ፎርም አስላኩ። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት የሰው እጅ ጽሑፍ ሲያነቡ ስለኖሩ መነጽር ማድረግ ውርደት ይመስላቸዋል። ፎርሙ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ «ለክብር»፣ ሌላው «ለመታሰቢያ»። አክስቴ «እንዲታሰብ አይደል የምንፈልገው?» ብለው ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረጉ። ዝቅ ብሎ «ያረፉበት ቀን» የሚል አለ። ከሥራ ያረፉበትን ቀን ጻፉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር፤ ስለዚህ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልህም።

የባሰው ደግሞ የስልኩ ነው። ቴሳ ፎርሙ እንደደረሳት ደወለች። ይህን አክስቴ ራሳቸው በኋላ እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። ልጅቱ «በጣም ነው ያዘንኩት» አለች። አክስቴ «ሁላችንም አዝነናል፤ ግን ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። «አሁን ሰላም ያለበት ቦታ ናቸው ብዬ አምናለሁ» አለች። «አዎ፣ መስኮቱ ሥር ነው» አሉ አክስቴ። ልጅቱ ቀጥላ «ቤተሰቡ ይመጣል?» አለች። «እንዴታ! እሱንም ይዘነው ነው የምንመጣው፤ ብቻ እስከዚያ ምስጢር ይሁን» አሏት። ቴሳ ለካ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በዕቃ ተደርጎ የሚመጣ መስሏታል። «በክብር እንቀበላቸዋለን» አለችና ተሰነባበቱ። አክስቴ ስልኩን ዘግተው «ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት!» አሉኝ።

አባባን ወደ ግዛታችን ዋና ከተማ ወደ ፒር የወሰድናቸው እማማ የምክር ቤቱን ሕንፃ ማየት አማራቸው ብለን ነው። አባባ «እኔ አውቀዋለሁ። ስድስተኛ ክፍሎችን ይዤ ሄጃለሁ፤ አንዱ ጓንቱን ረስቶ ተመልሰናል» አሉ። ሆኖም መንዳት ያለበት ጉዞ ነውና እሺ አሉ። አክስቴ ከረባት እንዲያስሩ ሲለምኗቸው «ሕንፃ ለማየት ከረባት?» አሉ። አክስቴም «ሕንፃው ትልቅ ነው» ብለው አሰሩላቸው። እኔና አክስቴ ከኋላ፣ እማማ ከፊት፣ የእንቁላል ሳንድዊችና የቡናው ፔርሙስ እማማ እግር ሥር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በረዷማ ሜዳ ስናይ ሄድን። አባባ ከኖቬምበር ወዲህ ያን ያህል ቀና ብለው ተቀምጠው አላየኋቸውም።

በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ኪስዎን ባዶ ያድርጉ ቢላቸው ሰንጢ፣ ፒንሳ፣ የፊውዝ ቁራጭና አንድ የልጅ ጓንት አወጡ። ውስጥ ገብተን እማማ ወለሉን የሠሩት ሰዎች እንደ ፊርማ እዚህም እዚያም የቀበሯቸውን ሰማያዊ ጠጠሮች ፍለጋ አቀርቅረው ሲሄዱ አባባ የደረጃውን ነሐስ በጣታቸው ዳሰሱ። «ይህን ሁሉ ማን ይወለውለዋል?» ብለው ጠይቀው፣ መወልወያ የያዘውን ሰውዬ ፈልገው አግኝተው ጨበጡት። ሰውዬው ግራ ገብቶት እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ከዚያ ወደ ተመልካቾች ሰገነት ወጣን። በሩ አጠገብ ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አበባ ተቀምጧል። አባባ ፔርሙሱን ይዘው መግባት ነውር መሰላቸውና እጠረጴዛዋ ላይ፣ አበባው አጠገብ አስቀመጡት። በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ይህን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለፔርሙሱ እጅ ነሡ። ጋሬት፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ቀጥለው ወደ እማማ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ወደ ብርሃኑ ጠጋ ባደርገው ይፈቅዱልኛል?» አሏቸው። እማማ «ይቻላል፤ ብቻ እንዳይደፋ አደራ፣ ገና ትኩስ ነው» አሉ። ሽማግሌው ክው አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። ግን አገልጋይ የበዛበት ቤት እንዲህ ነው መሰለኝ።

ታች ሰባዎቹ ተመራጮች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። አንዱ ከረሜላ ይልጣል፣ አንዱ ያዛጋል። አባባ በጆሮዬ «ከኋላ የተቀመጠው ሰማያዊ ሸሚዝ ይረብሻል፤ አምጥቶ ከፊት ማስቀመጥ ነው» አሉኝ። ቴሳ ጥቁር ኮት ለብሳ ተነሣች። አክስቴ በደስታ ክንዴን ቆነጠጡኝ። አፈ ጉባኤው ሁሉም እንዲነሣ ጠየቀ፤ እኛም ተነሣን። አባባ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

ቴሳ ቀና ሳትል ማንበብ ጀመረች። «በሞት የተለዩንን የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ለማሰብ» ስትል አባባ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ማን ነው የሞተው?» አሉ። አላውቅም አልኩ። «ለአርባ አንድ ዓመታት የትምህርት ቤት አውቶቡስ በመንዳት» አለች። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን! እንደኔው ሾፌር ነበር» አሉ። «ከኒው ቫልድረስ ከተማ፣ ሟች ቬርነን ሃውግላንድ» አለች።

እማማ እጄን ይዘው ጨመቁት። አክስቴን ዞሬ ሳያቸው ፊታቸው ወረቀት መስሏል። ከንፈራቸው «ያረፉበት ቀን፣ ያረፉበት ቀን» ይላል። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት አባባ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «ዝም በይ፤ ሰው ቆሟል» አሉኝ። ምን አደርጋለሁ? ቆምን። አባባ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ልክ የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ሆነው የራሳቸውን ዜና ዕረፍት ያዳምጡ ጀመር።

ቴሳ ብዙ አነበበች። ከትምህርት ቤት ሲመልሱ በበረዶ ማዕበል ሠላሳ ልጅ ይዘው ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ እርሻ ቤት ውስጥ ስለቆዩበት ቀን፣ ብርድ የያዘውን ሁሉ በኪሳቸው ተርፎ በማያልቅ ጓንት ስለማልበሳቸው፣ በስፖኪዮ አንድ ጊዜ አይተው ሙሉ አውቶቡስ ጸጥ ስለማሰኘታቸው። በመጨረሻ «ልጃቸው ጋሬት ከአላስካ ለአክስቱ ከጻፈው ደብዳቤ» አለች። አክስቴ ያንተን ደብዳቤ ከፎርሙ ጋር አባሪ አድርገውታል፤ እኔ አላየሁም ነበር። አንተ የጻፍከውን አንተ ታውቀዋለህ። ሰባተኛ ክፍል ሳለህ አንድ ደቂቃ ብትዘገይ አባትህ ዓይንህን እያዩ ትተውህ እንደሄዱ፣ አራት ማይል ልትሄድ እየተሳደብክ መንገድ እንደጀመርክ፣ ዛሬ ግን መርከብ ላይ አንድም ቀን እንዳልዘገየህ። ቴሳ ይህን በማመስገን ዓይነት ነው ያነበበችው። እኔ የአባባን እጅ ነበር የማየው። ቆቡን ሲጨምቁት አየሁ።

ከዚያ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ሆነ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ለራሳቸው ቆሙ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ደቂቃ አላውቅም። ካለቀ በኋላ ቴሳ እንባዋን ጠርጋ «ባለቤታቸውና ቤተሰባቸው ከላይ አሉ፤ አክብሮታችንን በጭብጨባ እንግለጽላቸው» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እማማን አየች። አክስቴን አየች። ቀጥሎ ቆብ የያዘውን ሰውዬ አየች። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። «አቶ ሃውግላንድ!» ብላ ጮኸች፤ ወንበሯ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

አባባም ለአርባ አንድ ዓመት ከአፋቸው ያልጠፋውን ተናገሩ፤ «ቴሳ፣ ቁጭ በይ።»

ቴሳ ቁጭ አለች። ወንድሜ፣ እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሰባዎቹም ቁጭ አሉ። አፈ ጉባኤው ቁጭ አለ። ፔርሙሱን ይጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ከዚያማ ሳቁ ሕንፃውን ሊያፈርሰው! ሳቁ ሲበርድ አንድ ከብት አርቢ ተመራጭ ተነሥቶ «ሟች የሚለው ቃል ወጥቶ፣ በሕይወት ያሉት በሚለው ይተካ» ብሎ ማሻሻያ አቀረበ። ድምፅ ተሰጠ። ስልሳ ዘጠኝ ደገፉ፣ አንድ ተቃወመ። ተቃዋሚው ቁልፉን ተሳስቶ ነው የጫነው ብለዋል፤ አባባ ግን እስከ ዛሬ «ማን ነው እሱ?» እያሉ ነው። አፈ ጉባኤው የሚሉት ነገር ካለ ብሎ ቢጠይቃቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና «ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ሃያ ደቂቃ ዘግይታችኋል» አሉ። ቴሳ ሰገነቱ ድረስ ሮጣ መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ይቅር በሉኝ ብላ ታለቅሳለች። አባባ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ «አሁንም ኩርባ ላይ ያስታውክሻል?» አሏት። አዎን አለች። «ከፊት ተቀመጪ» አሏት።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ከኋላ ወንበር «ገደልኩህ ወንድሜ፣ በገዛ እጄ ገደልኩህ» እያሉ ሲያለቅሱ አባባ ይነዱ ነበር። አርባ ማይል ያህል ከሄድን በኋላ መኪናውን ዳር ይዘው አቆሙ። ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ። መሪውን እንደያዙ «ጋሬት ያን ቀን እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው?» አሉ። «ትቼው አልሄድኩም» አሉ።

የነገሩንን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። ኮረብታውን እንደወረዱ ከጎረቤታችን ከሚልተን ዛፎች ጀርባ አውቶቡሱን አቁመው ነበር። ዞሬ ልመለስ አሉ፤ ግን ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ልጅ ትተው ያውቃሉ፣ ልጆቹ ሁሉ ደግሞ ያያሉ። ስለዚህ በስፖኪዮ አንተን ብቻ እያዩ ጠበቁ። ድንጋይ ስትረግጥ አይተውሃል። እጅህን ወደ ሰማይ አንሥተህ ስትሳደብም አይተውሃል። ሚልተን በጭነት መኪናው ደርሶ እስኪያሳፍርህ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆሙ። ትምህርት ቤት የዘገዩት በአርባ አንድ ዓመት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ «ጎማ» ብለው ጻፉ። «ጎማው ምንም አልሆነም። ዋሽቼ ነው» አሉ። እማማ «ለልጁ ለምን አልነገርከውም?» ሲሏቸው «አልጠየቀኝም» አሉ። ከዚያ መኪናውን አስነሡ። እማማ እስከ ቤት ድረስ እጃቸውን ከአባባ ክንድ ላይ አላነሡም።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ገብቷል። የምክር ቤቱን ስርጭት ግማሹን ሰምቶ የተነሣ ሰው ለሴቶች ማኅበሩ ደውሎ፣ እኛ ስንደርስ ከበራችን ላይ ድንችና የተፈጨ ሥጋ የተጋገረበት ትሪ ተደርድሮ ጠበቀን። ከየትሪው ሥር የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ አሥራ ስድስት ቆጠርኩ። በማግስቱ ልቅሶ ደራሽ ይጎርፍ ጀመር። በር የሚከፍቱት ደግሞ አባባ ናቸው፤ እኔ ልክፈት ብል እምቢ አሉ። ወይዘሮ ፈርን ዮስት ሲያዩዋቸው የያዙትን የፍራፍሬ ጄሊ በሙሉ ጫማቸው ላይ ለቀቁት። አባባ «እግዜር ያጥናሽ ፈርን፣ ግቢ» አሏቸው። አንዳንዱ አላመነም፤ ክንዳቸውን ይዞ ይነቀንቃል። ሐዘኑን ይዞ የመጣ ሰው ግን ባዶውን መመለስ አይሆንለትምና እያንዳንዱ ተቀምጦ ለቀብር ያዘጋጀውን ንግግር እዚያው ፊታቸው ተናግሮ ይሄዳል። ሁለት መምህራን መጥተዋል፤ አንድ ሐኪምም ከሌላ ከተማ። አባባ የራሳቸውን የልቅሶ ምግብ እየበሉ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ጢማቸውን ተላጩ።

አክስቴ አርዲስ አሁንም አፍረው ቤታቸው ተሸሽገዋል። አባባ ትናንት ሄደው በሩን አንኳኩተው «የሞተው ሰውዬ ነኝ፤ ክፈቺ» ሲሏቸው ሰማሁ። ከፈቱ። እሳቸውም ሰላምታ ያቀርቡልሃል፤ መነጽር ሠርተዋል፤ እባክህን አትሳቅብኝ ብለውሃል።

እማማ ዓይንህን ይስማሉ፤ ብስኩት በቆርቆሮ አሽገው ልከዋል፤ ለካፒቴናችሁም ስጠው ብለዋል፣ ምናልባት ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ። መርከብ ላይ ላሉት ጓደኞችህ ሁሉ ሰላም በልልን፤ በተለይ ታመህ ሳለ ላስታመመህ ለፊሊፒናዊው ምግብ አብሳይ። እኔም በጣም ናፍቄሃለሁ። ካርዱ ሲደርስህ አትቅደደው፤ አባባ ክፈፍ ውስጥ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ።

እህትህ ካሪን

አባባ አሁን ገብተው፣ ምን ልጻፍለት ስላቸው ብዕሩን ከእጄ ወሰዱት። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ጽሑፍ ነው፤

ጋሬት። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። መንገዱ ሲከፈት በሜይ እኔና እናትህ በመኪና ካናዳን አቋርጠን ሆመር ወደብ እንመጣለን። ካርታው ላይ ለካሁት፤ ስምንት ቀን ነው። መርከብህ የሚገባበትን ቀንና ሰዓት ጻፍልኝ። ብትዘገይም ግድ የለም፤ ወደቡ ላይ፣ ከምታየኝ ቦታ እቆማለሁ። አባትህ።

ኒው ቫልድረስ፣ ደቡብ ዳኮታ
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2014